አራት ላም፣ የሁለት ላም መኖ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ “አራት ድቅል ላሞች አሉኝ። ገለባ፣ ፋጉሎ፣ ፉርሽካና የቢራ አተላ እየገዛሁ ነው የምቀልባቸው። ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጄ ለእረፍት መጥታ የከብት መኖ ደን ያስጨፈጭፋል፣ የሰው እህል ይሻማል፣ አየሩን ያበላሻል አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አልረጋ አለ። እኔንም ይመለከተኛል? ጥፋት ላይ ከሆንኩስ ምን ላድርግ?”

ሰላም እህቴ። ልጅሽ አልዋሸችሽም፣ ዓለም ላይ የሚሆነውን ነው የነገረችሽ። እኛ አገር ግን ነገሩ መልኩ ይለያል። መጀመሪያ የእሷን ቶሎ ልመልስና ወደ አንቺ በረት እገባለሁ፤ እሱ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

ደን የሚያስጨፈጭፈው መኖ በዋናነት አኩሪ አተር ነው። ብራዚል ውስጥ ሰፊ ደንና ሣር ምድር ተመንጥሮ ተዘርቶበታል። ዓለም ላይ ከሚመረተው አኩሪ አተር ከአራት እጁ ሦስቱ ያህል ለእንስሳት ነው የሚሄደው፣ በተለይ ለዶሮና ለአሳማ። እ.ኤ.አ. በ2006 ትልልቆቹ ነጋዴዎች አዲስ ከተመነጠረ የአማዞን መሬት ላለመግዛት ተስማምተው ነበር፤ ሴራዶ የሚባለው ሰፊው የብራዚል ሣር ምድር ግን በዚያ ስምምነት ውስጥ አልገባም። ሴኔጋልና ጋምቢያ ዳርቻ ደግሞ ሕዝቡ ይበላው የነበረው ትንንሽ ዓሣ እየተፈጨ ባሕር ማዶ ላለ የዓሣ እርባታ መኖ ይሆናል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ድሃ ከሚበላው ተወስዶ ሀብታም ለሚበላው ማድለቢያ ሲሆን ሌላ ስም የለውም።

የአንቺ ላሞች እዚህ ውስጥ የሉበትም። የሚበሉት ገለባ ገብሱና ስንዴው ለሰው ከተወቃ በኋላ የቀረ ነው። ፋጉሎው ኑጉ ዘይት ከሆነ በኋላ የቀረ ነው፣ ፉርሽካው ከዱቄት ፋብሪካ የቀረ፣ አተላው ከቢራ የቀረ። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ስሌት፣ እንስሳት ዓለም ላይ ከሚበሉት መኖ 86 በመቶው ሰው ሊበላው የማይችል ነው። ሰው ያልበላውን ወስዳ ወተት አድርጋ የምትመልስ ላም ጠላት አይደለችም። ያም ሆኖ ከዓለም እህል ሲሶው ያህል ለእንስሳት መሄዱ እውነት ነው፤ ልጅሽ ያየችው ይሄንን ነው። እኛም ጋ ሽሚያው የሚታይበት ቦታ አለ። የዶሮ መኖ በቆሎና አኩሪ አተር ነው፣ ሁለቱንም ሰው ይበላቸዋል። ለበዓል በግ ለማድለብ ንጹሕ ባቄላና ገብስ የሚያበላም አለ። ያንን ካላደረግሽ በእህሉ በኩል ልብሽን አሳርፊ።

አየሩ ላይ ግን ትንሽ እንቆይ።

ላም ሣሩን ሆዷ ውስጥ ስታብላላ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። አብዛኛው በግሳት፣ በአፏ ነው የሚወጣው። ይሄ ጋዝ በ100 ዓመት ሂሳብ ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል ያሞቃል። የምግብና እርሻ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲያሰላው፣ የሰው ልጅ ከሚለቀው የሚያሞቅ ጋዝ 14.5 በመቶው መነሻው የእንስሳት እርባታ ነበር። ከመኖው አዘራር ጀምሮ ግሳቱም ፍጉም ተደምሮ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ከ60 ሚሊዮን በላይ ከብት ያላት አገር ስለሆነች ይመለከተናል።

አሁን ወደ አንቺ አራት ላሞች። ስንት ሊትር እንደምታልቢ አልጻፍሽልኝም፤ ስለዚህ በምሳሌ ልሂድ። 400 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ከዚህ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ነፍሷን ለማቆያ የሚሆነው ነው፦ ለመቆም፣ ለመተንፈስ፣ የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ውርጭ ለመቋቋም። ወተት የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ብቻ ነው። አራት ላሞች አምስት አምስት ሊትር ቢሰጡሽ 20 ሊትር ነው። ሁለት ላሞች አሥር አሥር ቢሰጡሽም 20 ሊትር ነው። በመጀመሪያው ግን አራት ነፍስ ታቆያለሽ፣ በሁለተኛው ሁለት። የአራቱ ግሳት ከሁለቱ ይበልጣል፣ የአራቱ ገለባ ይበልጣል፣ ወተቱ ያው ነው። ደግሞ ገለባ ብቻውን የሚበላ ከብት ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት የሚያወጣው ሚቴን በደንብ ከሚቀለበው ይበልጣል፣ ምክንያቱም ገለባ ቶሎ አይፈጭም። ሆዷ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ጥቃቅን ነፍሳት ፕሮቲን ይፈልጋሉ፤ መኖው ቢያንስ 7 በመቶ ፕሮቲን ከሌለው ሥራቸውን በአግባቡ አይሠሩም። የገብስና የስንዴ ገለባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ5 በመቶ አያልፍም።

የሰሜን ሸዋ ትልቁ የመኖ ችግር ይሄ ነው ብዬ ነው የማምነው። ከመኖው በላይ ከብት እንይዛለን። ከባሶና ወራና እስከ መንዝ፣ ከአንጎለላ እስከ ሞጃ ብትሄጂ በግንቦት የምታዪው ያው ነው፦ አጥንቱ የወጣ ከብት፣ ሥሩ ድረስ የተላጨ ግጦሽ። መሬቱም ይጎዳል፣ ከብቱም ይሰቃያል። ተርቦ የሚውል ከብት ማኖር በራሱ ጥፋት ነው፤ ማንም ከብት እኛ በረት ልግባ ብሎ አልለመነም።

መንዝ ላይ ያለውን የጋራ ሣር ምድር፣ ጓሳን ታውቂዋለሽ። አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን በሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሲደርስ በጋራ ይከፍቱታል፣ ለቤት ክዳን ያጭዱታል፣ በክፉ ቀን ያስግጡበታል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ሣሩ እንዴት እንደተጎዳ የአካባቢው ሽማግሌዎች ይነግሩሻል። በኋላ ማኅበረሰቡ ራሱ እንደገና ተደራጅቶ ጠባቂ ሆነ። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬ እዚያ የሚታዩት ስለዚህ ነው። ግጦሽ ሲከበር ሣሩም አውሬውም ከብቱም እንደሚኖር የሚያሳይ ምስክር እዚሁ ደጃችን አለ፣ ብራዚል ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

እሺ፣ አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልግባ። ፋጉሎ።

ልጅሽ ይሄን አልነገረችሽም፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት አንቺን የሚመለከትሽ ይሄ ነው እላለሁ። ፋጉሎ እርጥበት ካገኘው ሻጋታ ያበቅላል። ከሻጋታዎቹ አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣሉ። ይሄ መርዝ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ነው፦ ከብራዚል በመጣ የለውዝ ፋጉሎ ምክንያት ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች አለቁ። መጀመሪያ ምን እንደገደላቸው አልታወቀም ነበር። ዛሬ ጉበት ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ ተረጋግጧል። ላም ስትበላው የተወሰነው ክፍል መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይወጣል። ያንን ወተት ማን ይጠጣዋል? ከሁሉ በላይ ሕፃናት።

ይሄ የፈረንጅ ወሬ እንዳይመስልሽ። በአዲስ አበባና አካባቢዋ 110 የወተት ናሙና ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። መርዙ በሁሉም ናሙና ተገኘ። የአውሮፓን መስፈርት ያሟላው ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። ላላ ባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት እንኳ ሲለካ ሩቡ ያህል ከልክ በላይ ነበር። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፣ አንቺም እኛም ሁላችን የምንገዛው። የደብረ ብርሃን ወተት ብዙው ወደ አዲስ አበባ እንደሚጫን ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ሰው ልጆች ነው።

ማፍላት አያጠፋውም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ወተቱን አፍልተሽ ጀርሙን ትገድያለሽ፣ መርዙ ግን እንዳለ ነው። አይብ ስታወጪ ደግሞ ከቅቤው ይልቅ ወደ አይቡ ይሄዳል፣ ከፕሮቲኑ ጋር ስለሚጣበቅ። ደግነቱ ላሟ የተበከለውን መኖ ከተወች ከሦስት አራት ቀን በኋላ ወተቷ ይጠራል። ዛሬ መኖውን ብታስተካክዪ በሳምንት ውስጥ ወተቱ ሌላ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚስተካከል ነገር በእኔ ሙያ ውስጥ ብዙ አላውቅም፣ ለዚህ ነው አጥብቄ የምነግርሽ። ልጆችሽን ወተት አትከልክዪ፣ ፋጉሎውን አስተካክዪ።

እንዴት? ፋጉሎ ስትገዪ ከመጭመቂያው ቶሎ የወጣውን ምረጪ፣ የከረመውን ተዪ። የተቻለሽን ያህል ያልተፈጨውን ግዢ፣ ምክንያቱም የተፈጨው ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ አይታይም። ገለፈት፣ አፈር፣ አሸዋ የሚቀላቅሉ ነጋዴዎች አሉ፤ ይሄ ሌብነት ነው፣ ላሟንም አንቺንም ወተቱን የሚጠጣውንም ይጎዳል። ጥርጣሬ ካለሽ አንድ ጭብጥ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምረሽ በጥብጪው። አፈርና አሸዋው ከታች ይዘቅጣል፣ ለሻጩ እዚያው ታሳይዋለሽ። ከወር በላይ የሚቆይ አትግዢ፣ በተለይ በክረምት። ጆንያውን መሬት ላይ አታስቀምጪ፤ እንጨት ወይም አጣና ደርድረሽ ከመሬት አንድ ስንዝር አንሺው፣ ከግድግዳውም አርቂው። የሻገተ ጠረን ካለው፣ ከተጓጎለ፣ ከሞቀ ጣዪው። “ለዶሮዎቹ ይሆናል” እንዳትዪ፣ ዶሮና ዳክዬ ከላም ይልቅ ቶሎ ይጎዳሉ። ከጥሩው ጋር ቀላቅሎ ማሳሳትም መፍትሔ አይደለም። አንድ ነገር ግን እወቂ፦ መርዙ ሁልጊዜ በዓይን አይታይም፣ ንጹሕ የመሰለም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ሁነኛው መላ የፋጉሎውን መጠን መቀነስና ፕሮቲኑን ከሌላ ቦታ ማምጣት ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

ስለ ቢራ አተላውም ትንሽ። ጥሩ መኖ ነው፣ ፕሮቲን አለው፣ ባይወሰድ ኖሮ ወንዝ የሚያበላሽ ቆሻሻ ይሆን ነበር። ግን አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ነው። የምትከፍዪው ለውኃም ጭምር መሆኑን እያሰብሽ ዋጋ ተከራከሪ። በሁለት ሦስት ቀን ካላለቀ ይበላሻል፤ ብርዱ ቢረዳሽም አትመኚው። በርሜል ውስጥ ጠቅጥቀሽ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ካሸግሽው ግን ይቆያል።

ፍጉን ምን ታደርጊዋለሽ? ይሄንንም አልጻፍሽም፣ ግን እገምታለሁ። ኩበት ነው የሚሆነው። እፈርድብሻለሁ ማለት አይደለም፤ ደጋው ላይ እንጨት የለም፣ እሳት ግን ያስፈልጋል። ነገሩን ግን ተከትለሽ እዪው። ኑጉ ጎጃም ወይም ወለጋ ከሆነ ማሳ ላይ ናይትሮጅን የሚባለውን የተክል ምግብ ከአፈሩ ወሰደ፣ ፋጉሎ ሆኖ አንቺ ጋ መጣ፣ ላሟ በላችው፣ ከፊሉ ወተት ሆነ፣ የቀረው ፍግ ሆነ፣ ፍጉ ኩበት ሆነ፣ ናይትሮጅኑ በጢስ ሄደ። ከዚያ ገበሬው ማዳበሪያ በውድ ይገዛል። ቢያንስ አመዱን አትድፊው። ሌሎቹ የተክል ምግቦች፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ፣ እዚያ ውስጥ ናቸው፣ ለጓሮ አትክልትሽ ይሆናል። በክረምት ኩበቱ በማይደርቅበት ጊዜ ፍጉን ከምሪውና ማሳ ላለው ዘመድ ስጪው፣ በምትኩ ገለባ ይስጥሽ። አራት ላም ላለው ቤት ባዮጋዝም፣ ማለት ፍጉን ጉድጓድ ውስጥ አብላልቶ ጋዝ ማውጣት፣ ይቻላል። ጉድጓዱ ሲቆፈር ወጪ አለው፣ በብርዱ ጋዙ ይቀንሳል፣ ግን ማብሰያውንም ማዳበሪያውንም ታገኛለሽ፣ ጢሱም ከዓይንሽ ይነሳል።

አሁን የመኖው ምትክ። የሚተከል ነገር ስል መሬት የለኝም እንደምትዪ አውቃለሁ። አጥር ግን አለሽ። ትሪ ሉሰርን የሚባለው ተክል የእኛን ደጋ ይወደዋል። ውኃ በሚተኛበት መረሬ ላይ አትትከዪው፣ ይሞታል፤ በአጥርሽ ዙሪያ ተዳፋት ቦታ ላይ ትከዪው። ቅጠሉ በፕሮቲን ከፋጉሎ ጋር ባይስተካከልም ከገለባ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሻጋታ የለውም፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ንቦችም አበባውን ይወዱታል። ችግኝና ምክር ፈልገሽ ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልን ጠይቂ፣ ቅርብሽ ነው። ትንሽ ማሳ ያለው ዘመድ ካለሽ ደግሞ አጃና ቬች የሚባለውን የመኖ ተክል አብሮ ይዝራልሽ። አበባ ሲጀምር ታጭዶ ይደርቃል፣ ጥሩ ድርቆሽ ይወጣዋል።

ድርቆሽ ስትገዪ መቼ እንደታጨደ ጠይቂ። እኛ ጋ ብዙ ሰው ሣሩ እስኪያፈራና ቢጫ እስኪሆን ይጠብቃል፣ ክምሩ ትልቅ ስለሚሆንለት። ያ ግን ገለባ ሆኗል። ክረምቱ እንደወጣ አበባው ላይ የታጨደው አረንጓዴነቱን የያዘ ነው፣ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም እሱን ያዢ። ከገለባም የባቄላ፣ የአተርና የምስር ገለባ ከገብሱ ይሻላል። አረም ሲነቀል ለከብት ያመጡ የነበሩ ሴቶች ዛሬ ማሳው ፀረ አረም ስለሚረጭ ያንን አጥተዋል፤ ከተረጨ ማሳ አረም እንዳትገዪ።

ገለባውን በዩሪያ ማከምም ትችያለሽ። ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ያህል ውኃ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፣ ገለባው ላይ በንብርብር ይረጫል፣ ይጠቀጠቃል፣ በላስቲክ ይታሸጋል። በሞቃት አገር ሦስት ሳምንት ይበቃዋል፣ እዚህ ግን ከወር በላይ ይቆይ። ሲከፈት ጠረኑ ኃይለኛ ነው፣ አናፍሰሽ ነው የምትሰጪው። ለጥጃ አትስጪ። ያልሟሟ ዩሪያ በፍጹም መኖ ላይ እንዳትበትኚ፣ ላም በአንድ ቀን ይገድላል።

ሁለት ነገር ቀረኝ፣ ሁለቱም የመኖ ሥነ ምግባር ናቸው ብዬ ስለማስብ።

አንደኛው ወንዱ ጥጃ ነው። ወተቱ ይሸጥበታልና ብዙ ቤት ወንድ ጥጃ ተርቦ እንዲሞት ይተዋል። ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም፣ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን። ይሄ ትክክል አይደለም። በተወለደ በስድስት ሰዓት ውስጥ እንገሩን ይጥባ፣ ከዚያም የሰውነቱን አንድ አሥረኛ ያህል ወተት በቀን ያግኝ። ማሳደግ ካልቻልሽ በጊዜ ለሚያሳድግ ሰው ሽጪው። ሁለተኛዋ ገለባሽን የምታመጣልሽ አህያ ናት። ቀኑን ሙሉ የላም መኖ ተሸክማ ማታ ባዶ መንገድ ላይ ትለቀቃለች፣ ፌስታል ስትበላ ታድራለች። አህያው የሌላ ሰው ቢሆንም ስታራግፊ አንድ እቅፍ ስጪያት።

ጾሙንም አስቢበት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የወተት ገበያው ይወርዳል፣ የመኖው ዋጋ ግን አይወርድም። ሰው ያኔ ነው ከላሟ ላይ የሚቀንሰው። በዚያ ጊዜ የተጎዳች ላም ለፋሲካ ወተት አትሰጥሽም፣ ኮርማ መፈለጓም ይዘገያል። ከተቻለሽ ከጾሙ በፊት ድርቆሽ ያዢ፣ ወተቱንም ቅቤ አድርጊው።

ስለዚህ መልሴ ይሄ ነው፦ ከአራቱ አንዷን ሽጪ፣ ምናልባት ሁለቷን። የትኛዋን እንደሆነ ለማወቅ ለሁለት ሳምንት የእያንዳንዷን ወተት ጠዋትና ማታ ለክተሽ ጻፊ፣ የምትበላውንም ጎኑ ላይ ጻፊ። ከመኖዋ ዋጋ በታች የምትታለበውን ታገኛታለሽ። ለመውለድ የደረሰች ከሆነች ዋጋዋ ጥሩ ስለሆነ አትቸኩዪ፣ ግን ሁዳዴ ሳይገባ ጨርሺ። ከገንዘቡ ላይ መጀመሪያ የጆንያ ማስቀመጫ እንጨቱን ግዢ፣ ቀጥሎ የትሪ ሉሰርን ችግኙን። የለካሽውን ላኪልኝና የቀሩትን ላሞች ቀለብ አብረን እናሰላለን። ልጅሽም ትርዳሽ፣ ሂሳቡን ከእኔ ፈጥና ትሠራዋለች።